ለሽማግሌው ቢ-52 ዕቃ ማቅረብ፦ ከምዝገባው እስከ ካርቶኑ

«ለቢ-52 መለዋወጫ ታቀርባላችሁ አሉ» ብሎ አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ቦምብ የምነግድ ሳይመስለው አልቀረም። ሳቄን ለቀቅኩትና እውነቱን ነገርኩት፦ እኔና ባልደረባዬ ቨርጂኒያ ባለችው ትንሽ ቶርኖ ቤታችን የምንሠራው ቡሽ፣ ስፔሰር፣ ፒን፣ ሲቀናን ደግሞ የጥገና መሰላል ዕቃ ነው። አንዳንዱ ወደ ቢ-52 ይሄዳል፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ አውሮፕላን፣ የአንዳንዱን መድረሻ እኛም በውል አናውቀውም።

በስልክ ሁለት ሰዓት ካስረዳሁት በኋላ ለምን አልጽፈውም አልኩ። አሜሪካ ውስጥ ሆናችሁ ቶርኖ፣ ፍሬዛ ወይም ብየዳ የምታውቁ፣ ወይም የዕቃ ንግድ በደማችሁ ያለ ሰዎች ብዙ ናችሁ። ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ስለ አውሮፕላኑ ትንሽ። ቢ-52 የአሜሪካ አየር ኃይል ትልቅ ቦምብ ጣይ ነው፣ የቦይንግ ሥራ። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1952 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። 744 ተሠርተው የመጨረሻው ለአየር ኃይሉ የተሰጠው በ1962 ነው። ዛሬ ያሉት 76 ናቸው፣ ሁሉም ኤች የሚባለው ዓይነት። ቤታቸው ሰሜን ዳኮታ ማይኖት እና ሉዊዚያና ባርክስዴል ነው። እስከ 2050ዎቹ ድረስ ሊያበርሯቸው አቅደዋል። እስቲ አስቡት፣ የሁሉም ታናሽ የሆነው ራሱ ስልሳ ዓመት አልፎታል! ያኔ ቫልቩን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ የጎማውን ቸርኬ ይሠሩ ከነበሩት አቅራቢዎች ብዙዎቹ ተሸጠዋል፣ ተዋህደዋል፣ ወይም ከስረው ጠፍተዋል። አውሮፕላኑ ግን በየአራት ዓመቱ ገደማ ኦክላሆማ ወዳለው የቲንከር ሰፈር ገብቶ ተፈታትቶ ይመረመራል፤ በተፈታ ቁጥር ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ተሰንጥቆ፣ ዝጎ ወይም አልቆ ይገኛል። እኛ ትናንሾቹ የምንገባው በዚያች ክፍተት ነው።

በነገራችን ላይ የድሮ አየር ኃይል ሰው ፊት «ቢ-52» ካላችሁ ተጠንቀቁ፣ እኛም ነበረን ሊሏችሁ ይችላሉ። በ1968 ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ የገዛቻቸው አራት ካንቤራ ቦምብ ጣዮች መለያቸው «ቢ.52» ነበር። ከቦይንጉ ጋር ከቁጥሩ በቀር ምንም ዝምድና የላቸውም።

ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይግባ። መርካቶ ሱማሌ ተራ ሄደን ዕቃ ስንገዛ በእጃችን እያገላበጥን «ኦሪጅናል ነው ወይስ ታይዋን?» እንላለን። ሻጩ ይምላል፣ እኛ እንከራከራለን፣ በመጨረሻ ዓይናችንን አምነን እንገዛለን። እዚህ ግን ዕቃችሁን ማንም አገላብጦ አያደንቅላችሁም። የሚታየው ወረቀቱ ነው። ብረቱ የት ቀለጠ፣ ማን ቆረጠው፣ ማን ቀባው፣ ማን ለካው፣ በየትኛው የንድፍ ሥዕል፣ በስንተኛው እርማት። ወረቀት የሌለው ዕቃ የቱንም ያህል ቢያምር ቁርጥራጭ ብረት ነው። ይህን የተቀበለ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ማን ነው የሚገዛው?

ሁለት በር አለ። አንደኛው ዲኤልኤ የሚባለው የመከላከያ ሎጂስቲክስ ኤጀንሲ ነው፤ የአውሮፕላን ክፍሉ ዋና መሥሪያ ቤት ቨርጂኒያ ሪችመንድ ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኦሪንግ፣ ኩሽኔታ፣ ቱቦ፣ ትናንሽ የአካል ክፍሎች በብዛት የሚገዙት በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው ራሱ አየር ኃይሉ ነው፤ ተጠግነው የሚመለሱ ትልልቅ ዕቃዎችን፣ የሞተር ክፍሎችንና ልዩ የድጋፍ መሣሪያዎችን በቲንከር በኩል ይገዛል። ለጀማሪ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው። ጨረታዎቹ ትናንሽ ናቸው፣ በየቀኑ ይወጣሉ፣ ዲብስ በሚባለው የዲኤልኤ የጨረታ ገጽ ላይ ማንም ከፍቶ ያያቸዋል።

ሌላው ሦስተኛ በር ንዑስ ተቋራጭ መሆን ነው። ትልልቆቹ ያሸነፉትን ሥራ ከፋፍለው ለትንንሽ ቤቶች ይሰጣሉ። ገንዘቡ ያነሰ ነው፣ ራስ ምታቱም ያነሰ ነው። እኛ ዓመት ያህል የሠራነው እንዲያ ነበር፣ ትምህርት ቤታችንም እሱ ነው።

ምዝገባው

ሳም ዶት ጎቭ ላይ ትመዘገባላችሁ። ነፃ ነው። ደግሜ ልበለው፣ ነፃ ነው! በተመዘገባችሁ በሳምንቱ ስልካችሁ መጮኽ ይጀምራል፣ «ምዝገባችሁ ሊቃጠል ነው፣ ይህን ያህል ዶላር ክፈሉና እናድሰው» የሚል ኢሜይል ይጎርፋል። ዓርማቸው የመንግሥት ይመስላል። አይደሉም። ዝጉት።

ምዝገባው 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ዩኢአይ የሚባል መለያ ይሰጣችኋል፤ ከዚያ አምስት ሆሄ ያለው ኬጅ ኮድ ይመጣል። ኬጅ ኮዳችሁ በዚህ ዓለም ስማችሁ ነው። ዕቃችሁ ላይ፣ ካርቶኑ ላይ፣ ደረሰኙ ላይ እሱ ነው የሚጻፈው።

እኛ ሐበሾች እዚህ ጋ የምንሰናከልበት የታወቀ ቦታ አለ፣ ስም። ተስፋዬ የሚለው ስም ባንክ ላይ በአንድ «ኢ»፣ የግብር ወረቀቱ ላይ በሁለት «ኢ» ተጽፎ፣ የኪራይ ውሉ ላይ ደግሞ የአያት ስም ተጨምሮበት ይገኛል። ሥርዓቱ አንዲት ፊደል ሲለያይበት ይቆማል። የእኛ ምዝገባ ሰባት ሳምንት የፈጀው በድርጅቱ ስም መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ነጥብ ምክንያት ነው። ሳትጀምሩ በፊት የግብር መሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀቱንና የክፍለ ግዛቱን የንግድ ምዝገባ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።

የሥራ ዘርፍ ኮድም ትመርጣላችሁ። ቶርኖ ቤት 332710 ነው፣ ቡሎንና ዳዶ ሠሪ 332722፣ የአውሮፕላን መለዋወጫ 336413። የሚመለከታችሁን ሁሉ ማስገባት ይቻላል።

ከዚህ በላይ ከከበዳችሁ ኤፔክስ አክስለሬተር የሚባሉ ቢሮዎች አሉ፣ በፊት ፒታክ ይባሉ የነበሩት። ሥራቸው ትናንሽ ድርጅቶችን ለመንግሥት እንዴት እንደሚሸጡ ማስተማር ነው፣ ያለ ክፍያ። የቨርጂኒያው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው ያለው። ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ ጠይቁ፣ አትፈሩ። የእንግሊዝኛ አነጋገራችሁ ማንንም አያስጨንቀውም።

ቁጥሩን ማንበብ

ዲብስ ላይ «ቢ-52» ብላችሁ ብትፈልጉ ብዙም አታገኙም። ዕቃው የሚታወቀው በአውሮፕላን ስም ሳይሆን ኤንኤስኤን በሚባል 13 አኃዝ ባለው ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፣ እነሱን መሸምደድ ያዋጣል። 1560 የአውሮፕላን የአካል ክፍል ነው። 1620 የማረፊያ እግር፣ 1630 ቸርኬና ፍሬን፣ 1650 የሃይድሮሊክ ዕቃ፣ 2840 የጄት ሞተር ክፍል። 5306 ቡሎን፣ 5310 ዳዶና ሮንዴላ፣ 5330 ጋስኬት፣ 5331 ኦሪንግ። የድጋፍ መሣሪያ ከሆነ 1730 እና 4920 ላይ ነው። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች የአገር ናቸው፤ አሜሪካ 00 እና 01 ነች፣ 00 የድሮው ነው። ለሽማግሌው አውሮፕላን ስትሠሩ 00 ደጋግማችሁ ታያላችሁ።

ከዚያ ዓይናችሁን ወደ አምራቹ ኬጅ ኮድ ጣሉ። 81205 ካያችሁ ሥዕሉ የቦይንግ ነው፣ 77445 ካያችሁ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ነው፤ የአሁኑ የቢ-52 ስምንት ሞተሮች፣ ቲኤፍ33 የሚባሉት፣ የእሱ ናቸው። ግን ቦይንግ የሚል ሁሉ ቢ-52 አይደለም። ኬሲ-135 የተባለው ነዳጅ ጫኝም የዚያው ዘመን ቦይንግ ነው፣ ቡሎን ይጋራሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ጨረታው ላይ ሁለት ትንንሽ ኮዶች አብረው ይጻፋሉ፣ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል፣ ለምሳሌ «1ጂ» ወይም «3ዲ»። ብዙ ጀማሪ አያነባቸውም፣ ከዚያ ለምን ተሸነፍኩ ይላል። 1 ማለት ለውድድር ክፍት ነው፣ ጂ ማለት መንግሥት የሥዕሉ ሙሉ መብት አለው ማለት ነው። የእናንተ ዳቦ «1ጂ» ነው። 3 ማለት ከዋናው አምራች በቀጥታ የሚገዛ ነው። ዲ ማለት ለውድድር የሚያስፈልገው ሥዕል በእጅ የለም፣ ወይም በተመጣጣኝ ወጪ ሊገኝ አይችልም። «3ዲ» ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ፣ እለፉት። ሲ ካያችሁ ደግሞ ሥራው ክፍት ሆኖ አስቀድሞ መሐንዲሶቹ ያጸደቁት ቤት ብቻ ነው የሚሠራው። ለማጽደቂያው ኤስኤአር የሚባል ማመልከቻ ይገባል፣ ያንን ዕቃ ወይም ተመሳሳዩን ከዚህ በፊት መሥራታችሁን በወረቀት ታሳያላችሁ። ረጅም ነው፣ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። ግን አንዴ ከጸደቃችሁ ተወዳዳሪያችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል። ትዕግሥት ያለው ይበላበታል።

ሥዕሉና ምስጢሩ

ሥዕሉን ለማየት ጄሲፒ የሚባል የአሜሪካና የካናዳ የጋራ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ዲዲ 2345 የሚባል ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ማጽደቂያ ቢሮው ሚሺጋን ባትል ክሪክ ነው። ሲመጣ አምስት ዓመት ያገለግላል። ያለሱ ጨረታውን ታያላችሁ እንጂ ሥዕሉን አትከፍቱም፣ ሥዕል ሳያይ ዋጋ የሚሰጥ ደግሞ በጭፍን ነው የሚጫረተው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምነግራችሁ ነገር አለ። ቁጥጥር የሚደረግበትን ሥዕል «የአሜሪካ ሰው» ላልሆነ ማሳየት ወደ ውጭ አገር እንደ መላክ ይቆጠራል፣ ሰውዬው እናንተው ቤት ቁጭ ብሎ ቢሆንም። በሕጉ የአሜሪካ ሰው ማለት ዜጋ ብቻ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት፣ በስደተኝነት የገባም ይካተታል። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ላይ ያለ ወይም የጥገኝነት መልሱን የሚጠብቅ ሰው ግን የሥራ ፈቃድ ቢኖረውም አይካተትም። ይህ ያማል፣ አውቃለሁ። የአክስታችሁ ልጅ ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፣ ግን ወረቀቱ እስኪስተካከል ያን ሥዕል አይነካም፣ ሌላ ሥራ ስጡት። ሁለተኛው ደግሞ ቴሌግራም ነው። «አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ካድ ጥሩ ይሠራል፣ ሥዕሉን ልላክለትና በሦስት ዲ ያውጣልኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ስልካችሁን አስቀምጡና ውሃ ጠጡ። ፈቃድ ሳይኖር ያን መላክ የእስር ቤት ነገር ነው፣ ቀልድ አይደለም።

አውሮፕላኑ ራሱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የጦር መሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹ ትናንሽ ክፍሎቹ ግን በንግድ መሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ሥር ይወድቃሉ። ልዩነቱ ኪስ ይነካል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ላይ አምራች መመዝገብ አለበት፣ የምዝገባው ዝቅተኛ ዓመታዊ ክፍያም 3,000 ዶላር ነው። ዕቃችሁ የትኛው ሥር እንደሆነ ሳታጣሩ አትክፈሉ።

ኮምፒውተራችሁም ይመረመራል። ኒስት 800-171 የሚባል 110 ነጥብ ያለው የጥበቃ መስፈርት አለ። ራሳችሁን ገምግማችሁ ውጤቱን ታስገባላችሁ፤ ሙሉው 110 ነው፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደግሞ ከዜሮ በታች 203 ነው። አዎ፣ ከዜሮ በታች! እኛ መጀመሪያ ስንገመግም ከዜሮ በታች ነበርን፣ ሥዕሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ የባልደረባዬ ልጅ ጌም ይጫወትበት ነበር። ከኅዳር 2025 ጀምሮ ደግሞ ሲኤምኤምሲ የሚባለው ማረጋገጫ ደረጃ በደረጃ ውሎች ውስጥ እየገባ ነው። ለዚህ አንድ ለብቻው የተቀመጠ ኮምፒውተር ግዙ፣ ልጆች አይድረሱበት።

ሥዕሉ ሲከፈት አትደንግጡ። የ1950ዎቹ ሥዕል በእጅ የተሣለ፣ ማይክሮፊልም ላይ የተነሣ፣ ከዚያ የተቃኘ ነው። 3 ይሁን 8 የማይለይ ቁጥር ያጋጥማል። ገምታችሁ አትቁረጡ። ለገዢው ጻፉና በጽሑፍ መልስ ያዙ። መስፈርቶቹም አርጅተዋል፤ ለምሳሌ ኪውኪው-ፒ-416 የሚለው የካድሚየም ቅብ መስፈርት ዛሬ ፊቱ ላይ ኤኤምኤስ ተጨምሮበት ነው ያለው። አሲስት የሚባለው የመንግሥት ገጽ ላይ የትኛው እንደተሻረና በምን እንደተተካ በነፃ ይታያል። መለኪያው ኢንች መሆኑንም አትርሱ። ኤኤን የሚባሉት ቡሎኖች ቁጥራቸው ውፍረታቸውን በአሥራ ስድስተኛ ኢንች ይናገራል፤ ኤኤን3 ማለት ሦስት አሥራ ስድስተኛ፣ ኤኤን4 ማለት ሩብ ኢንች ነው። ሚሊሜትር የለመደ እጅ ጥቂት ጊዜ ይወስድበታል።

ከመሬቱ ዕቃ ጀምሩ

የእኔን ምክር ከጠየቃችሁ የሚበረው ክፍል ላይ አትሩጡ። ቢ-52 መሬት ላይ ሲቆም የሚከበው ብዙ ቀለል ያለ ዕቃ አለ። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 56 ሜትር ነው፣ ጭራው ከ12 ሜትር በላይ ይቆማል። ያን ለመድረስ መሰላልና መድረክ ይፈለጋል፤ የመድረኩ ጎማ ይሰበራል፣ መደገፊያው ይጣመማል፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑ ያፈሳል። መጎተቻ ዘንግ አለ፣ የዘንጉ ፒን ያልቃል። ክሪክ አለ። የሞተር መሸከሚያ ጋሪ አለ። ሞተር ለማስነሳት አየርና ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጋሪ አለ፣ ሠራተኞቹ «ዳሽ ሲክስቲ» ይሉታል። የእሱ ቱቦ፣ ማያያዣ፣ ኬብል፣ መሰኪያ በየጊዜው ይተካል። የኤሌክትሪክ ሰዎች ልብ በሉ፣ የአውሮፕላን መብራት 115/200 ቮልት፣ ሦስት ፌዝ፣ 400 ኸርዝ ነው። አገር ቤት 50፣ እዚህ ግድግዳችን ላይ 60 ነው የለመድነው። ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመር አምጥታችሁ «ይሠራል» እንዳትሉ።

ለምን መሬት? የመደገፊያ ዘንግ ቢበላሽ ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ግን ዕቃው ላይ «ለበረራ ደኅንነት ወሳኝ» የሚል ማኅተም ስለሌለ ፍተሻውና ማጽደቂያው ይቀላል። ብየዳ የምታውቁ ከሆነ የእናንተ ቦታ ይህ ነው። ታሪክ ይሠራላችኋል። ያንን ታሪክ ይዛችሁ በኋላ ወደ 1560 ትወጣላችሁ።

አንድ የማስጠንቀቂያ ነገር። ሞተሩ ሊቀየር ነው። በ2021 አየር ኃይሉ ሮልስ ሮይስ ኤፍ130ን መረጠ፣ 76 አውሮፕላን በስምንት ሲባዛ 608 ሞተር ከነመጠባበቂያው። የተቀየረው ቢ-52ጄ ይባላል። ስለዚህ «ያገለገለ የቲኤፍ33 ዕቃ በርካሽ አገኘሁ፣ ልከምር» የሚል ሰው ሲመጣ ሁለቴ አስቡ። የድሮው ሞተር ገና ዓመታት ይሠራል፣ መለዋወጫም ይፈልጋል፣ ግን መጋዘን ሞልቶ የሚጠብቁት አይደለም። የሞተር ጋሪና ማንሻም ከሞተሩ ጋር አብሮ ይቀየራል። ማረፊያ እግር፣ በር፣ ክንፍ፣ የአካል ክፍል ግን ያው የድሮው ነው፣ እዚያ ላይ ብትደክሙ አይባክንም።

ተወዳዳሪያችሁ ደግሞ ሌላ ቶርኖ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሪዞና ቱሳን አጠገብ ዴቪስ-ሞንታን የሚባለው ሰፈር በረሃ ላይ የተቀመጡ አሮጌ አውሮፕላኖች አሉ፣ ከእነሱ ላይ ዕቃ ይፈታል። በ2015 ጎስት ራይደር የሚሉት አንድ ቢ-52 እንዳለ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሥራ ተመልሷል። ቲንከር ራሱም ማተም ጀምሯል፤ በ2020 በሦስት ዲ የታተመ የቲኤፍ33 ጋስኬት ሞተር ላይ ሞክረዋል።

ዋጋ

መጀመሪያ የምትሳሳቱት እዚህ ነው፣ እኛም ተሳስተናል። ሥራውን በሰዓት አስላን፣ ብረቱን ጨመርን፣ ትንሽ ትርፍ አድርገን ላክን፣ አሸነፍን፣ ከሰርን። ያልቆጠርነው ምኑን መሰላችሁ? የሚያስፈልገን ሁለት ክንድ የማትሞላ ብረት ነበረች፣ ሻጩ ግን ከሙሉ ዘንግ በታች አይሸጥም። ቅቡን የሚቀባው የጸደቀ ቤት ለስድስት ፍሬም ለስድስት መቶ ፍሬም ያው ዝቅተኛ ክፍያ ነው የሚያስከፍለው። የመጀመሪያ ናሙና ፍተሻ ካለ እሱም ገንዘብ ነው፣ ጊዜም ነው። ማሸጊያው ደግሞ አለ፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ብረቱን ከየትም አትግዙ። ቲታኒየምና ልዩ ቅይጥ ብረቶች አሜሪካ ወይም ሕጉ በፈቀዳቸው አገሮች የቀለጡ መሆን አለባቸው። የብረት ፋብሪካውን የምስክር ወረቀት ከነማቅለጫ ቁጥሩ ያዙ፣ ቁራጩ ላይም ቁጥሩን ጻፉ። ሁለት ዘንግ ተደባልቆባችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ሁለቱም ወደ ቁርጥራጭ ይሄዳሉ። ጎማ ነክ ዕቃ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኦሪንግ፣ የተጋገረበት ሩብ ዓመት መለያው ላይ አለ። መደርደሪያ ላይ ያረጀ አይላክም።

አስመጥታችሁ የምትሸጡ፣ ማለትም ራሳችሁ የማትሠሩ ከሆነ፣ ለትናንሽ ድርጅቶች የተከለለ ጨረታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ራሱ የአሜሪካ ትንሽ አምራች የሠራው መሆን እንዳለበት እወቁ። «ከትልቁ ገዝቼ ስም ለጥፌ» አይሠራም።

ተስገብግባችሁም ዋጋ አትስቀሉ። ብቸኛ አቅራቢ መሆን ያሰክራል። በ2019 የወጣ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የኦዲት ሪፖርት አንድ ትልቅ ድርጅት ከሸጣቸው 47 የዕቃ ዓይነቶች በ46ቱ ላይ ከተገቢው በላይ አትርፏል ብሎ፣ ድርጅቱ 16.1 ሚሊዮን ዶላር መልሷል። ትልቁ ይችለዋል። እናንተ ብትሆኑ ኖሮ ቤቱ ይዘጋ ነበር።

ገንዘቡን ከየት? ብረቱን ዛሬ ትገዛላችሁ፣ ክፍያው ዕቃው ደርሶ ከተቀበሉት በኋላ ነው። መሐል ላይ ወራት አሉ። የእኛ የመጀመሪያዋ ትልቅ ትዕዛዝ በእቁብ ነው የተሠራችው፤ ባልደረባዬ ተራውን ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ቀድሞ ወሰደ። የባንክ ብድር በኋላ መጣ።

ካርቶኑ

አሁን ወደ ቁስሌ መጣን። ሦስተኛው ውላችን ላይ ቡሽ ሠራን። ያማሩ ቡሾች። በጥንቃቄ በአረፋ ፕላስቲክ ጠቅልለን፣ አሥር አሥር አድርገን፣ በጥሩ ካርቶን ልከን ክፍያ መጠበቅ ጀመርን። ዕቃው ላይ እንከን አልነበረም። ማሸጊያው ግን ተመለሰብን፣ እንደገና ለማሸግ የወጣውን ወጪም ከፈልን፣ ከትርፋችን በላይ ነበር።

ለምን? ውሉ ላይ አንድ መስመር የማትሞላ የኮድ ረድፍ ነበረች፣ እኛ አልፈናት። ሚል ስታንዳርድ 2073 የሚባለው መስፈርት በእነዚያ ኮዶች ሁሉን ይናገራል፦ በምን ይጸዳል፣ በምን ዘይት ይቀባል፣ በምን ይጠቀለላል፣ በአንድ ከረጢት ስንት ይገባል። የእኛ «አንድ በአንድ» ይል ነበር። ሚል ስታንዳርድ 129 ደግሞ መለያውንና ባርኮዱን ይወስናል። ዕቃው መጋዘን ውስጥ አሥር ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፣ በረዶም እርጥበትም ሊያገኘው ይችላል፤ ሲፈለግ ግን ዝገት ሳይነካው መውጣት አለበት። ነገሩ ሲገባኝ መናደዴን ተውኩ። የእንጨት ሣጥን ወይም ፓሌት ከተጠቀማችሁ እንጨቱ በሙቀት የታከመና ማኅተም ያለበት ይሁን።

ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ መስፈርቱን ቁጭ ብላችሁ ተማሩ፣ የመለያ ማተሚያ ግዙ። ወይ ይህንኑ ብቻ የሚሠሩ ማሸጊያ ቤቶች አሉ፣ ጨረታ ከማስገባታችሁ በፊት ኮዱን ልካችሁላቸው ዋጋ ጠይቁ፣ ያንንም ዋጋችሁ ላይ ጨምሩ። እኛ ዛሬም እንልካለን፣ እንቅልፍ ይሻለናል።

ዕቃው ከመጫኑ በፊት የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥቶ ማየት አለበት ወይ የሚለውንም ውሉ ላይ አረጋግጡ። «ፍተሻ በምንጩ» የሚል ከሆነ እሱ ሳይፈርም የጫናችሁት ዕቃ ይመለሳል። ቀጠሮ ቀድማችሁ ያዙ፣ ሰውዬው ብዙ ቤት ነው የሚዞረው። ሲመጣም ቡና አፍልታችሁ ተቀበሉት፣ ስጦታ ግን እንዳትሰጡ፣ የእኛ እንግዳ አክባሪነት እዚህ ጋ ችግር ያመጣል።

ደረሰኙን ዋውፍ በሚባለው የኢንተርኔት ሥርዓት ነው የምታስገቡት። እዚያ ላይ የጻፋችሁት ብዛት ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አንዲት ፍሬ ብትለያይ ክፍያው ይታሰራል። የሥራውን ወረቀት በሙሉ፣ የብረቱን፣ የቅቡን፣ የልኬቱን፣ የማሸጊያውን፣ በአንድ መዝገብ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እኛ ለእያንዳንዱ ውል አንድ ሰማያዊ ፋይል አለን፣ ጀርባው ላይ የውሉ ቁጥር ተጽፏል። ከሦስት ዓመት በፊት ስለሠራችሁት ፒን ኢሜይል ሲመጣ ፋይሉን ስባችሁ በአምስት ደቂቃ ትመልሳላችሁ።

እና የሳም ምዝገባችሁ በዓመቱ ይቃጠላል። ስልካችሁ ላይ ከሁለት ወር በፊት የሚጮኽ ማስታወሻ አሁኑኑ ሙሉ።